«እስከዚያ ምን ላድርግ?»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ይረዝማል። ቡናችሁን ያዙና አንብቡ፤ ከሰለቻችሁም ዝለሉት፣ አልቀየምም።

በቀደም እዚሁ አርባ ምንጭ አንድ ትምህርት ቤት የሙያ ቀን አዘጋጅቶ ጠርቶኝ ሄጄ ነበር። የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ አይደለምና። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳም ነበር፤ ጨዋ ሰው፣ ልጆቹን አክብሮ የሚያናግር። ምን መሆን ትፈልጋላችሁ ሲላቸው እንደተለመደው ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ዶክተር፣ ነጋዴ፣ አሁንም ዶክተር አሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ተነሳችና «ፓይለት» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እንግዳው አልሳቀም። ሒሳብና ፊዚክስ አጥኚ፣ እንግሊዝኛሽን አጠንክሪ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሺ፣ ከዚያ ማስታወቂያ ሲወጣ አዲስ አበባ ሄደሽ ትፈተኛለሽ፣ ቁመትሽም ይለካል አላት። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ፣ «እሺ፣ እስከዚያ ምን ላድርግ?» አለችው።

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ ያላችሁት ያን ክፍል፣ ያን ጠመኔ፣ የእኔንም ቁጣ ታውቁታላችሁ። መልስ የማጣት ልማድ የለኝም፤ ሳላውቅም ቢሆን እመልስ ነበር፣ ትታዘቡኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አጣሁ። ያናደደኝ ደግሞ መልሱን አለማወቄ አይደለም። አውቀዋለሁ። እዚህ የለም እንጂ ሌላ ቦታ አለ፤ እዚህ የሌለበት ምክንያት ደግሞ አንድም የሚረባ ምክንያት አይደለም።

በመስኮቱ ምን ይታይ እንደነበር ልንገራችሁ። አሞራ። ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፏል፤ የነጭ ሳር ሜዳ ሞቋል። መሬት ሲሞቅ ከላዩ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ወደ ላይ ይነሳል። አሞራ ይህን ያውቃል። ጠዋት በብርዱ ዛፍ ላይ ተኮፍሶ ይጠብቃል፤ አየሩ መነሳት ሲጀምር ክንፉን ዘርግቶ ይገባበትና እየዞረ ይወጣል። ክንፉን ሳያራግብ! ፈረንጆቹ ይህን የሚነሳ አየር ተርማል ይሉታል። በዚህ መንገድ ስንት ድረስ ይወጣል ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ አንድ ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው 11,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ኮሊን ፔኒኩዊክ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ደግሞ በ1970ዎቹ ሴሬንጌቲ ላይ አነስተኛ ሞተር ባላት ግላይደር ጥንብ አንሳዎቹን እየተከተለ፣ እነሱ ሲዞሩ እየዞረ፣ አበራረራቸውን አጥንቷል። ያ ሜዳ ታንዛኒያ ነው። የእኛው አሞራ የሚዞረው ሴቻ ላይ ነው፤ የሚከተለው ግን የለም።

ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ረጅም ክንፍ፣ ቀጭን አካል፣ አንድ ወይ ሁለት ወንበር። ሌላ ግላይደሩን ወደ ላይ የሚጎትት አውሮፕላን ከሌለ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ አንድ የመኪና ሞተር ከነገመድ ማጠንጠኛው ይቆማል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ገመድ ይዘረጋል፤ ሞተሩ ገመዱን በፍጥነት ሲጠቀልል ግላይደሩ እንደ ካይት ወደ ላይ ይወጣል። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሦስት አራት መቶ ሜትር ላይ ነው። ገመዱን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ አብራሪውና አየሩ ብቻ ናቸው። ኤ ኤስ ኬ 21 የሚባለው የጀርመን ማሰልጠኛ አንድ ሜትር ሲወርድ 34 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄዳል። ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ከ400 ሜትር ከፍታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አስሉና ጻፉልኝ። ነፋስ የለም ብላችሁ።

የገመዱ ሞተር የግድ ልዩ ሞተር አይደለም፤ የጭነት መኪና ሞተር ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ ሲመላለስ ያረጀ የአይሱዙ ሞተር እዚህ ከተማ ስንት ጋራዥ ውስጥ ተጋድሞ እንዳለ እናንተም ታውቃላችሁ።

እና በሌላው ዓለም ለዚያች ልጅ «እስከዚያ» የሚባለው ጊዜ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ በ14 ዓመቱ ብቻውን ግላይደር ማብረር ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ባለሞተሩን ለብቻው ለማብረር 16 መሙላት አለበት። እንግሊዞች በጦርነቱ መሐል በ1941 የአየር ኃይል ወጣት ካዴቶችን ድርጅት አቋቋሙ፤ ስንት ትውልድ ታዳጊ ወንድና ሴት የመጀመሪያ በረራውን የተማረው በግላይደር ነው። ገና መኪና መንዳት ያልተፈቀደለት ልጅ! ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ገመድ ይጎትታል፣ ክንፍ ጫፍ ይይዛል፣ ያረፈውን እየገፋ ይመልሳል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ይበራል። አንድ ቀን አሰልጣኙ ከኋላ ወንበር ይወርድና «ብቻህን ሂድ» ይለዋል። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ግላይደሩ ቀልሎ ይነሳል። ገመዱ ሲለቀቅ የነፋስ ሽውታ ካልሆነ በስተቀር ምንም አይሰማም። እንዲህ ተምሮ ያደገ ሰው ሽማግሌ ከሆነ በኋላም ያቺን ቀን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል።

ሱለንበርገርን ታውቁታላችሁ፤ ፊልም ተሠርቶለታል። ጥር 2009 ሁለቱም ሞተሮቹ በወፍ ምክንያት ሲሞቱበት ኤርባሱን ኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ 155ቱም ሰው የተረፈለት ካፒቴን። አሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ ገና አንደኛ ዓመት ካዴት ሳለ ለግላይደር ስልጠና ተመርጦ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ራሱ አሰልጣኝ ሆኗል። እዚህ ላይ ግን ሐቁን ልናገር፤ ሰውየው ራሱ ሲጠየቅ ያ የድሮ የግላይደር ልምድ ለሀድሰኑ ቀን ብዙም አልጠቀመኝም፣ ከጄት ጋር በጣም ይለያያል ነው ያለው። ስለዚህ «ግላይደር ባይማር ኖሮ ሁሉም ያልቁ ነበር» ብዬ አልዋሽም። ይልቅ የካናዳዊውን ቦብ ፒርሰንን ተመልከቱ። ሐምሌ 1983 ነዳጅ በኪሎ መሆን ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ (አያችሁ፣ አሃድ ጻፉ እያልኩ ስጮህ!) የያዘው ቦይንግ 767 አየር ላይ ነዳጅ ጨረሰ። ፒርሰን በትርፍ ጊዜው ግላይደር ያበር ነበር። ግዙፉን ጄት ልክ እንደ ግላይደር በጎን አንሸራትቶ ከፍታውን አወረደና ጊምሊ የሚባል አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፈው። 69 ሰው፣ ሁሉም ተረፉ።

እኛም ሞተር የሌላቸውን ደቂቃዎች እናውቃቸዋለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገባበት፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፣ ሜዳ ላይ በሆዱ አረፈ፤ ከ104 ሰው 35ቱ አለቁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ደግሞ ካፒቴን ልዑል አባተ የተጠለፈ አውሮፕላን፣ ነዳጅ ያለቀበት፣ ኮክፒት ውስጥ ጠላፊ እየታገለው፣ ኮሞሮስ ባሕር ላይ አሳረፈ። 175 ተሳፍረው 50 ተረፉ። ይህን ሰው ዓለም ሸልሞታል፤ የእኛ ልጆች ስንቶቹ ስሙን ያውቃሉ? እነዚህን ያነሳሁት ግላይደር ቢማሩ ኖሮ ለማለት አይደለም፣ ነውር ነው። ሞተር ሲጠፋ የሚቀረው ሰውየው መሆኑን ለማሳየት ነው። ግላይደር ደግሞ ያንን ሰው በ14 ዓመቱ መሥራት ይጀምራል። ምክንያቱም ግላይደር ሁለተኛ ዙር የለውም። «አልተመቸኝም፣ ልድገመው» ብሎ ነገር የለም። አየሩን አንብበህ፣ ከፍታህን ቆጥረህ፣ ወስነህ ትወርዳለህ። ይህን የሚያስተምር ሌላ ክፍል እኔ አላየሁም፤ የእኔም ክፍል አላስተማረም።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ።

ይህን ነገር ሳነሳ መጀመሪያ የምሰማው «ዳቦ ሳይኖር?» የምትለዋን ነው። ይህቺ አባባል ለስንት ነገር አገልግላለች! ለቤተ መጻሕፍትም «ዳቦ ሳይኖር» ተብሏል፣ ለስታዲየም ግን አይባልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በ1938 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ አምስት ዓመት አልሞላም። ያኔ ዳቦ ነበረ እንዴ? ከተመሠረተ ከወራት በኋላ በዚያው ዓመት ካይሮ በረረ። ዛሬ በአፍሪካ ትልቁ ነው፤ ሁላችንም ደረታችንን እንነፋበታለን። ዳቦው እስኪሞላ ይጠበቅ የሚል ሰው ያኔ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነፋው ደረት አይኖርም።

ሁለተኛው «አደገኛ ነው»። እውነት ነው፣ አደጋ አለው። ለበረራ አባት የሚባለው ኦቶ ሊሊየንታል በ1896 የሞተው ከግላይደሩ ወድቆ ነው። ግን እንግሊዞቹን እዩ፦ በ2014 በካዴቶቹ ግላይደሮች የጥገና ሁኔታ ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ በረራውን በሙሉ አቆሙት። መረመሩ፣ የማይሆነውን ጣሉ፣ በ2016 በጥቂቱ ቀጠሉ። ደህንነት ማለት ይህ ነው። አለመጀመር ደህንነት አይባልም። ደግሞስ ለልጆቻችን ደህንነት እንዲህ የምንጨነቅ ከሆነ፣ ጨንቻ መንገድ ላይ ለቱሪስት መኪና ኩርባው ላይ ዘለው እየጨፈሩ ሳንቲም የሚጠብቁትን ሕፃናት ማን ከልክሏቸዋል? ያ አደጋ ሲሆን ባህል፣ ይህ ሲሆን እብደት።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «ጫሞ ላይ ቢወድቅስ? አዞ ገበያ ላይ?» አለኝ። ይቺን ሳልመልስ አልፋለሁ። ከሐይቁ ራቅ ያለ ሜዳ አለ፣ በቃ።

ሦስተኛው ጸጥታ ነው፣ ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ያለንበትን ዘመን አውቃለሁ፤ ሰማይ ዝም ብሎ የሚከፈት ነገር አይደለም። ግን ምን እንደተጠየቀ ስሙ። ነዳጅ የሌለው፣ ዕቃ የማይጭን፣ በገመድ አራት መቶ ሜትር የሚወጣ፣ ከአንድ ሜዳ ዙሪያ እንዳይርቅ ሊታዘዝ የሚችል ነገር ነው። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ክቡን ያሥምር፣ ሰዓቱን ይወስን፣ ተቆጣጣሪ ያስቀምጥ። የአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን የሚጋፋበት አይደለም። ፈቃድ መጠየቂያውን ወረቀት የሚያውቅ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ መጨቃጨቁ በወረቀት ላይ ይሻለኛል።

አራተኛውን ማንም በአፉ አይለውም፣ ግን ሁሉም ያስበዋል፦ ሰማይ የሀብታምና የመንግሥት ነው። ልጅቷ ላይ የተሳቀው ለዚህ ነው። የአሥረኛ ክፍል ልጆች ከየት ተማሩት? ከእኛ።

ታሪካችን ግን እንዲህ አልጀመረም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው አውሮፕላን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ዓመት ከምናምን ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ እዚሁ ሀገር ቤት ተምረው አብራሪ ሆኑ። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት መብረር የተማረች ሴት ናት፤ ወረራው አቋረጣት። በአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን፣ አምሳለ ጓሉን፣ ያየነው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ ስንት ልጅ «እስከዚያ ምን ላድርግ» ብላ ይሆን?

«ፀሐይ»ንም አስታውሱ። በ1935 እ.ኤ.አ. አቃቂ ላይ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት ትንሽ አውሮፕላን። ጣሊያን ወስዷት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ስትመለስ ሁላችንም ገጻችን ላይ ለጥፈናታል፣ እኔም ለጥፌያለሁ፣ ዓይኔም እንባ አዝሏል። ግን እስቲ እንነጋገር፤ ዛሬ አንድ ልጅ ሲቀላ ጓሮ ውስጥ ሌላ «ፀሐይ» ቢሠራ በሩን ቀድሞ የሚያንኳኳው ማን ነው? አስመላሽ ዘፈሩ ማስተማሪያ መጻሕፍትና ዩቲዩብ እያየ፣ የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ገጥሞ የራሱን አውሮፕላን ሠራ። ከዚያ በፊት የፓይለት ትምህርት ቤት በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት ሳይቀበለው ቀርቷል ተብሎ ተዘግቧል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሞክራት አልተነሳችም፤ የሳቁ ነበሩ። እኔን ያሳዘነኝ አለመነሳቷ አይደለም። ያ ሰው የመጀመሪያ ስህተቱን የሚሠራበት ርካሽ ቦታ፣ አጠገቡ ሆኖ «ይህን እንዲህ አድርግ» የሚለው አሰልጣኝ ስላልነበረው ብቻውን፣ ከሞተር ጋር፣ ካሜራ ፊት ስህተቱን ሠራ። የራይት ወንድማማቾች ሞተር ከመግጠማቸው በፊት ሦስት ዓመት በግላይደር ነው የተንከባለሉት።

አየር መንገዱን አልወቅስም። ሥራው አብራሪ ማሰልጠን ነው፣ የአሥረኛ ክፍል ልጅን ማቆየት አይደለም። ያ የእኛ ሥራ ነው፤ የከተማው፣ የዞኑ፣ የዩኒቨርሲቲው።

ዩኒቨርሲቲውን ሳነሳ፦ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፣ በ1979 ዓ.ም.። ያኔ አንድ ሰው ይህን ቦታ አይቶ «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ጠይቋል ማለት ነው። ውኃ አለ። ስሙም አርባ ምንጭ፤ ግራና ቀኝ አባያና ጫሞ። ትምህርት ቤቱ ቦታውን መሰለ። ያ ጥያቄ ዛሬም ቢጠየቅ መልሱ ከራሳችን በላይ ነው። ከተማው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዶርዜ 2,500 አካባቢ፣ ጉጌ 4,200። ከታች የሚግል ሜዳ፣ ከጎን ቀዝቃዛ ሐይቅ፣ ከኋላ ነፋስ ሽቅብ የሚገፋ ግድግዳ። ስምጥ ሸለቆውን ተከትለው በየዓመቱ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች ካርታ ያነበቡ አይደሉም፤ የሚያነሳቸው አየር እዚህ ስላለ ነው። ሊሊየንታል እኮ በርሊን አጠገብ ኮረብታ ቢያጣ በ1894 አፈር አስቆልሎ 15 ሜትር ኮረብታ ሠራ፣ ከዚያ ላይ ለመዝለል። 15 ሜትር! እኛ ጉጌን ተሰጥቶን ጥላው ሥር ቁጭ ብለን «ሰማይ የሀብታም ነው» እንላለን።

ጀርመኖች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለሞተር አውሮፕላን ቢገደብባቸው ወጣቶቻቸው ቫሰርኩፔ ተራራ ላይ ወጥተው በ1920 የግላይደር ውድድር ጀመሩ። (ከዚያ ያ ችሎታ ለሂትለር አየር ኃይል መዋሉን አልደብቅም፤ ማንኛውም ችሎታ እንዲህ ነው፣ የእኔም ፊዚክስ።) የተከለከሉት ሞተር ነው፤ እኛ ማንም ሳይከለክለን ቀረን።

ወጪውን አስቤዋለሁ። በአውሮፓ ገበያ አንድ ያገለገለ ባለሁለት ወንበር ማሰልጠኛ ግላይደር ከአንድ አዲስ የቤት መኪና ዋጋ ያንሳል። አሰልጣኝ መጀመሪያ ከውጭ መምጣት አለበት። ውጭ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ጀርመንና እንግሊዝ፣ በየመንደሩ የግላይደር ክለብ አለ፤ ቅዳሜ ሄዳችሁ ጠይቁልኝ። ምንዛሪው፣ ጉምሩኩ፣ መድኑ፣ ሁሉም ያስቸግራል። አስቸጋሪ ነው ያለኝን ሰው እሰማዋለሁ። አያስፈልግም ያለኝን ግን እስከ ማታ እከራከረዋለሁ፤ ታውቁኛላችሁ።

ልጅቷን በማግስቱ አፈላልጌ አገኘኋት። «ቲቸር፣ መልሱን አመጡ?» አለችኝ። ግማሹን አልኳት። ማክሰኞ ከሰዓት ሴቻ ጫፍ፣ ሐይቆቹ የሚታዩበት ጋ፣ ከሷና ከጓደኞቿ ጋር አሞራ ልንለካ ነው፦ ከስንት ሰዓት ጀምሮ መዞር እንደሚጀምሩ፣ አንዱ ዙር ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ፣ የት ጋ እንደሚወጡ፣ የት ጋ እንደሚወድቁ። ለሦስት ወር እንመዘግባለን። ሰዓት መያዣ ስልካችን ላይ አለ። ያጣነው ባይኖኩላር ነው፤ ሁለት ቢገኝ ይበቃናል። ያላችሁ አውሱን፣ እንመልሳለን።